የቦራ ሐዘን

ለውድ ወንድሜ ተክለሃይማኖት ስብሐት
ታሽከንት

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረትህን የሚይዝህ ሳልስ ተወህ? ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ገባ ብለህ ጽፈህ ነበር፤ ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ምግቡን ለመድከው ወይስ እንደ ልጅነትህ አሁንም ሳህን ፊት ተቀምጠህ ትተክዛለህ? እኛ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን አንተን መዋሸት አልፈልግም። በዚህ ዓመት የዋሸሁት ይበቃኛል።

የአባባን ነገር የጋሽ ቡሽራ ልጅ ጀላል ነግሮሃል። ወደ እናንተ ሲመለስ ጓደኞችህን ሰብስቦ ማልዶ እንዲያረዳህ፣ ብቻህን ሆነህ ከወረቀት ላይ እንዳታነበው አደራ ያልኩት እኔ ነኝ። ነገርኩት የሚለው ቴሌግራም እስኪደርሰን ድረስ ብዕር አላነሣሁም። እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ። ድንኳን በሌለበት፣ እንባህን የሚጠርግልህ እናት በሌለችበት አገር እንዴት እንዳለቀስክ ሳስበው አድራለሁ።

እማማ አጸደን አስጽፋ የላከችልህ ደብዳቤ ከዚህኛው ቀድሞ ወይም አብሮ ይደርስሃል። እዚያ ላይ ስለ ሠልስቱ፣ ስለ አባባ ፈረስ ስለ ቦራ፣ ስለ እኔም የተጻፈ ነገር አለ። እውነት አይደለም። እማማ አልዋሸችህም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እዚህ ላለ ሰው ልናገረው ብሞክር አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ስለዚህ ላንተ እጽፈዋለሁ።

መቼም የቤታችንን ወግ አትረሳውም። እንደ አባባ ያለ ባልደራስ፣ ፈረስ አሠልጣኝ፣ ሲሞት ፈረሱ በሠልስቱ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ አይጎተትም፤ ከልጆቹ አንዱ ይቀመጥበትና በለቀስተኛው ፊት ግንዱንም ፈፋውንም እያዘለለ የዝላዩን መንገድ ዳር እስከ ዳር ያስኬደዋል። አባባ ለአያታችን እንዲያ አድርገዋል። ለአባባ ደግሞ ዕጣው ያንተ ነበር። አንተ እዚያ ነህ፤ ታናሻችን አጸደ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ጀግና እንደሆንኩ ታውቃለህ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ እዚያው ፈፋ አፋፍ ላይ ወድቄ ትከሻዬ ሲሰበር ተሸክመህ ያወረድከኝ አንተ ነህ። ከዚያ ወዲህ ፈረስ ላይ መቀመጥ አልተውኩም፤ መዝለል ግን ተውኩ። ሰዎች ሶምሶማዬን አይተው ጎበዝ ይሉኛል፤ የተጋደመ ግንድ ሳይ ግን ፈረሱን አዞራለሁ።

አባባ ጳውሎስ ሆስፒታል የገቡት ከጥምቀት በኋላ ነው። ጉበት ነው አሉን። ሐኪሙ እኔንና አጎታችንን ዓምሃን በር ላይ ጠርቶ የነገረንን እሳቸው ምን አላችሁ ብለው አልጠየቁም። በሦስተኛው ቀን ግን እማማ ወጣ ስትል ጠብቀው፣ ቦራ ዝላይ እንዳይረሳ ከትምህርት ቤት መልስ አሠሪው አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለታችንም ግን እናውቅ ነበር። ሰው በሕይወት እያለ ለሠልስቱ መለማመድ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስበው፤ አስተማሪዬም እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

የማስተምረው በጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ከጋሽ ዱጉማ ጋር ወደ ሜዳው እወጣለሁ። ጋሽ ዱጉማ በጣም አርጅተዋል፤ ፈረሶቹን ግን ለማንም አልለቀቁም። አባባ ከባሕር ዛፉ ሥር የሠሩት የዝላይ መንገድ አንተ እንደተውከው ነው፤ መጀመሪያ ሦስቱ ግንዶች፣ ቀጥሎ የድንጋይ ካቡ፣ መጨረሻ ላይ ፈፋው። ከፈፋው በስተቀኝ እንጨት ተሸካሚዎቹ የሚሻገሩባት ድልድይም አለች። አሥር ሰዓት ላይ፣ የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ፣ የፈረስ ላብ እየሸተትኩ ወደ ጳውሎስ እሮጣለሁ። አባባ ብርድ ልብሳቸውን እየሸበሸቡ ግንዱንና ካቡን ይሠሩልኝና በሁለት ጣታቸው ያሳዩኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ግንዶቹን በእርምጃ ብቻ እንድሻገር አዘዙኝ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ። ጋማ መያዝ ነውር እንዳልሆነ፣ ትንፋሼን አፍኜ እንዳልቀርብ፣ ዓይኔን ፈፋው ውስጥ ሳይሆን ማዶ ካለው ዛፍ ላይ እንድጥል፣ ፍርሃቴን ፈረሱ በልጓሙ በኩል እንደሚሰማው ነገሩኝ። አንድም ቀን አልተቆጡኝም። እኛን ሲያሳድጉ ያን ትዕግሥት የት ደብቀውት ነበር እያልኩ ገርሞኛል።

ግንዶቹን ዘለልኩ፣ ይህን እመነኝ። በየካቲት መጨረሻ ካቡንም ዘለልኩ፤ ያን ቀን ቁልቁለቱን የወረድኩት እያንጎራጎርኩ ነው። የቀረኝ ፈፋው ብቻ ነበር።

ፈፋው ጋ ስንደርስ ግን ያቺ ትከሻዋ የተሰበረ ልጅ ትመጣብኛለች። ልጓሙን ወደ ቀኝ እስበዋለሁ፣ ቦራ ይታጠፋል፣ በድልድዩ ቀስ ብለን እንሻገራለን። ነገ እላለሁ። መጋቢት ስድስት ቀን ስገባ አባባ በጣም ደክመው አገኘኋቸው፤ ፊታቸው ቢጫ ሆኗል፣ ድምፃቸው አይወጣም። ዛሬስ በሚል ዓይን አዩኝ። ዘለልኩት አልኳቸው። ተክሌ፣ ያን ፊት ብታየው አንተም ትዋሽ ነበር። ደግፊኝ ብለው ቀና አሉ። አጠገባቸው ለተኛው በሽተኛ፣ መርፌ ለምትወጋቸው ነርስ፣ ለጠያቂው ሁሉ ልጄ ፈፋውን ዘለለችው እያሉ አወሩ። ለአጎታችን ለዓምሃም፣ ቦራ ላይ የሚቀመጥ ሰው ተገኝቷልና አታስብ አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጠይቁኛል፣ እኔም አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ በየቀኑ እዘላለሁ። ሜዳው ላይ ግን በየቀኑ ወደ ቀኝ ነው። እሳቸው ሳያርፉ እውነት አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። ጋሽ ዱጉማ ሁሉን ያያሉ፤ ኮርቻውን ሲያወርዱ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ሐሙስ መጋቢት አሥራ ሰባት፣ ገና ሳይነጋ፣ አባባ አረፉ።

ሠልስቱ ቅዳሜ ዋለ። ቀበሌው ይህ ሁሉ ፈረስ ለምንድን ነው ብሎ ብዙ ካስለፈለፈን በኋላ እስከ ስድስት ሰዓት እንድንበተን አስጠንቅቆ ፈቀደልን። ዘመዶቻችን ከእንጦጦ ጀርባ በፈረስ መጡ፤ አባባ ፈረስ ያስተማሯቸው ሰዎችም፣ ሽበት የወረራቸው ሳይቀሩ መጡ። ሁሉም ከፈፋው ማዶ ተሰልፈው ይጠብቁኛል፤ እማማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት ቆማለች። ቦራ የአባባን ግላስ ለብሶ ቀረበልኝ። ግንዶቹን አለፍን፣ ካቡን አለፍን። ማዶ ያለውን ዛፍ አየሁ። ተክሌ፣ በአባባ አጥንት እምልልሃለሁ፣ ያን ቀን ልዘል ቆርጬ ነበር፤ ልጓሙንም አልሳብኩትም። ቦራ ግን ፈፋው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው በራሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ አንገቱን ደፋ፣ ድልድዩን ቀስ ብሎ ተሻገረ። በየቀኑ ያስተማርኩትን ነው ያደረገው፤ ምስኪን ፈረስ ምን ያድርግ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ጩኸቱን ሰማሁ። አጎታችን ዓምሃ፣ ወንድሜ ፈረስህ እንኳ አለቀሰልህ እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። አልቃሿ እትዬ ሾዴ ወዲያው ሙሾ አወጡለት፤ ቦራ ጌታዬ ከሌለ አልዘልም ማለቱን፣ አንገቱን የደፋው ልቡ ተሰብሮ መሆኑን አወረዱት። ለቅሶው እንደ አዲስ ገነፈለ፤ እንኳን ሴቱ እነዚያ የደረቁ ሽማግሌዎች ተንሰቀሰቁ። በዚያ ሜዳ ላይ ያላለቀስነው እኔና ጋሽ ዱጉማ ብቻ ነን።

አሁን ጉለሌ ሙሉ የቦራን ሐዘን ያወራል። ከቀጨኔ ድረስ ሰው ፈረሱን ለማየት ይመጣል። እማማ ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ትተርካለች፣ ስትተርክም ፊቷ ትንሽ ፈካ ይላል። እኔንም፣ ልቧ ርኅሩኅ ስለሆነ አለንጋ አላነሣችበትም ብለው ያመሰግኑኛል። ምን ብዬ ልንገራት? ዝም ባልኩ ቁጥር አባባን እንደገና የዋሸኋቸው ይመስለኛል። እንባም እንቢ አለኝ። ሰው ሲያለቅስ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ሳህን አነሣለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፤ ጠንካራ ናት ሲሉኝ እሰማለሁ።

የአርባው ማግስት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ዱጉማ ቦራን ጭነው በር ላይ ጠበቁኝ። ከመጀመሪያው ግንድ፣ ከእርምጃው ጀመርን። ፈረሱን ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ማቃናቱም የኔ ነው። ጋሽ ዱጉማ ድልድዩ ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆሙና መንገዱን ዘጉብን። ለቀናት ቦራ አፋፉ ላይ እየደረሰ ቀጥ ይላል፤ ሁለት ጊዜ አንገቱ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ፣ አንድ ጊዜ ጭቃው ውስጥ ተዘረርኩ። እንደወደቅኩ ትከሻዬን ዳሰስኩት። ደህና ነው። እንደዚያ ዓይነት መውደቅ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ስነሣ ከፍርሃቴ ግማሹ ጭቃው ውስጥ የቀረ መሰለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጋማውን ጭብጥ አድርጌ፣ ትንፋሼን ለቅቄ፣ ዛፉን እያየሁ መጣሁ። ቦራ ከሥሬ ተነሣ። ከዚያ ማዶ ነበርን። ጋሽ ዱጉማ ዱላቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

ልጓሙን ሰጥቻቸው ሮጥኩ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፣ የጠያቂ ሰዓት እንዳያልፍብኝ። ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ አስፋልቱን ተሻገርኩ፣ በመድኃኒት ቤቶቹ በኩል አለፍኩ። ዘበኛው ስለሚያውቀኝ አሳለፈኝ። ደረጃውን ወጥቼ በሩን ስገፋ አልጋው ላይ የማላውቃቸው ሽማግሌ ተኝተዋል፣ እግራቸው በጀሶ ታስሯል። ተክሌ፣ ቀብሬያቸው፣ ሠልስት አውጥቼ፣ አርባ አውጥቼ፣ አባባ መሞታቸው የገባኝ እዚያ በር ላይ ነው።

ሽማግሌው ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ አሉኝ። ፈፋውን ዘለልኩት አልኳቸው። ምንም ሳይገባቸው እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳን በሰላም ተሻገርሽ አሉኝ። አልጋው ሥር ቁጭ ብዬ ዋይ ብዬ አለቀስኩ። ሚስታቸው የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ ራሴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እስኪወጣልኝ ድረስ ጀርባዬን እያሻሹ ቆዩ።

ለእማማ ይህን እንዳትጽፍላት። የቦራ ሐዘን መጽናኛ ሆኗታል፣ አልነጥቃትም። አንድ ቀን እኔው ራሴ እነግራት ይሆናል፤ ዛሬ ግን አቅሙ የለኝም።

እማማ ዓለምፀሐይ አገላብጣ ትስምሃለች፤ ሹራብህን ሙቀት ነው ብለህ እንዳትጥል ትልሃለች። አጸደ የሩሲያ ቴምብር አልላከልኝም ብላ አኩርፋለች፣ ግን ናፍቃሃለች። አጎታችን ዓምሃ ትምህርትህን ሳትጨርስ እንዳትመጣ፣ የአባባ ቃልም ይኸው እንደነበር ንገሪልኝ ብለዋል። ጋሽ ዱጉማ ቦራ ደህና ነው በይው አሉኝ፤ የእሳቸው ሰላምታ ይኸው ነው። ጋሽ ቡሽራና እትዬ ሙኒያ ሠልስቱን ሙሉ ከድንኳናችን አልጠፉም፣ በጣም አድርገው ሰላም ይሉሃል፤ ጀላልንም ስለ ውለታው ሳምልኝ።

ያንተን ደብዳቤ አጸደ ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብላ እንደምታነብ ታውቃለህ። ስለዚህ ብዙ አትጻፍልኝ። ከሰላምታው ሥር ለታየች፣ ሰማሁ ብለህ አንዲት ቃል ጣልልኝ። ይበቃኛል።

እህትህ ታየች ስብሐት
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 7 ቀን 1979 ዓ.ም.