ቀረሮን ጋራ ያወጡት የአቶ እሱባለው ሣህሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ እሱባለው ሣህሉ ከአባታቸው ከአቶ ሣህሉ ወንድይፍራውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጣይቱ ቸርነት ጥቅምት 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በጅማ አውራጃ በሰርቦ ከተማ ተወለዱ። በተወለዱበት ዕለት የጣለው ዝናብ ሦስት ድልድይ እንደወሰደ አዋላጃቸው ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገር ኖራለች። በዚያን ጊዜ ሰርቦ ሁለት ድልድይ ብቻ ነበራት የሚሉ አሉ፤ ሦስተኛውን ዝናቡ ስለወሰደው አላዩትም።

አባታቸው ከመንዝ የመጡ የስልክ መስመር ጠባቂ ነበሩ። አቶ እሱባለው በአምስት ዓመታቸው ዳዊት ደገሙ፤ በስድስት ዓመታቸው ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተሰዳደቡ አፋን ኦሮሞን እንደ ውሃ ጠጡ። አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰርቦ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በጅማ ተከታትለው ሁልጊዜ አንደኛ ወጥተዋል። ሰርተፊኬቱ ላይ ሰባተኛ የሚለው የጸሐፊው ስህተት ነው።

በ1965 ዓ.ም. በደን መሥሪያ ቤት የችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥረው እስከ ፎርማንነት ደረሱ። በእጃቸው ያልበቀለ ነገር አልነበረም፤ የመጥረጊያ እጀታ ጣቢያው አጥር ላይ ሰክተው ቅጠል ሲያወጣ ያየን ነን። በ1970 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስካለ ጌጡ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፈሩ። ለሠርጋቸው ከአጋሮ እስከ ሰርቦ ቤቱን ዘግቶ ያልመጣ ሰው የታመመ ብቻ ነበር፤ የታመመውም ማታ መጣ።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጋሽ እሱባለው ከሰርቦ በታች ባለው ጫካ አንድ ነገር አስተዋሉ። ቀረሮ የተባለው፣ ሌላው ዛፍ ሁሉ ብብቱ ሥር የሚቆምለት የጫካው ንጉሥ፣ ሽማግሌው እንደቆመ ነው፤ ሥሩ ግን ልጅ የለም። ድሮ በየካቲት ማካፋት የሚጀምረው ሰማይ እስከ ሚያዝያ ይለግማል፤ የበቀለችው ቡቃያ ክረምቱን ሳታይ ትጠወልጋለች። ጋሽ እሱባለው ወጥተው፣ «ይሄ ጫካ አይደለም፣ የጡረተኞች ክበብ ነው» አሉ።

መሥሪያ ቤቱ ሰማና ዘመቻ አወጀ። ዘሩ ተለቅሞ የክብር እንግዳው እስኪመቻቸው ድረስ በጆንያ ግምጃ ቤት ተቀመጠ። የቀረሮ ዘር ግን እንደ ጤፍ ጎተራ አይወድም፤ እርጥበቱን ካጣ ቶሎ ይሞታል። ጋሽ እሱባለው «እየሞተ ነው!» እያሉ ደጅ ቢጠኑም እንግዳው በአርባ ቀናቸው መጡ፤ ዘሩ እዚያው በሞቀው ቆላ ተቀበረ፤ አሥራ ሁለት ሺህ ዛፍ ተተከለ ተብሎ ሪፖርት ሆነ። በዓመቱ ግምገማ ላይ ጋሽ እሱባለው ተነሡ።

«ከአሥራ ሁለት ሺው የበቀለው አንድ ነው» አሉ፤ «እሱም ጌሾ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ተቆጥተው፣ «እሺ፣ አቶ እሱባለው፣ ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?» አሏቸው።

«ወደ ላይ ይውጣ! የወባ ትንኝ እንኳ ሙቀቱን ተከትላ ጋራ ወጥታለች። እሷ ክንፍ አላት። ቡናውንም ባለቤቱ ተሸክሞ እያወጣው ነው። ቀረሮን ድሮ ጦጣው ነበር ዘሩን የሚያወጣለት፤ ዛሬ መንገዱ ሁሉ እርሻ ነው። ማን ይሸከመው?»

ለዚህች ንግግራቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። አካፋ ሲያስረክቡና ሲረከቡ ኖረው በ2004 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። መሥሪያ ቤቱ የዚያን ዕለት ዕረፍት አገኘሁ ብሎ ነበር። ተሳስቷል።

በማግስቱ ዓመት፣ ከልጅነት ጓደኛቸው ከጫካ ማር ቆራጩ ከሀጂ ኡመይር ጋር ሆነው፣ የወደቀውን ፍሬ ከጦጣ ጋር እየተሻሙ ለቀሙ። በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ በቅሎ ላይ ጭነው፣ ሳያሳድሩ ዕለቱን ይህን ጋራ ወጡ። ጋራው በመለኪያ ከሰርቦ ስድስት መቶ ሜትር ይበልጣል ይባላል፤ ዛሬ ለቀብራቸው የወጣን ሰዎች ግን ስድስት ሺህ መሆኑን አረጋግጠናል። የት እንትከል ሲባል ሀጂ ኡመይር ዘዴውን አመጡ፦ «ያ እሱባለው፣ ሕያው ሰው ያላስከበረውን መሬት ሬሳ ያስከብረዋል፣ ወላሂ። የመቃብር ዛፍ ማን ደፍሮ ይቆርጣል?» ስለዚህ ጋሽ እሱባለው በዚህ በጋራው ሚካኤል ቅጥር፣ ሀጂ ኡመይር ከሸለቆው ማዶ በሙስሊሞች መካነ መቃብር ተከሉ።

ሰው ሳቀ። «ጋሽዬ፣ ለዛፉ ጋቢ ገዙለት ወይ? ብርዱ ይገድለዋል እኮ!» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ከሞተም እዚህ ሞክሮ ይሙት፤ እዚያ ታች ቆሞ አይጠብቅም» ይሉ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ሰበካ ጉባኤው ቅጥሩን በባሕር ዛፍ ለመሙላት ችግኞቹ እንዲነቀሉ ወሰነ። ጋሽ እሱባለው ሲከራከሩ፣ «አባታችን፣ እርስዎ የከተማ ሰው ነዎት፤ የሰበካችን አባል እንኳ አይደሉም» ተባሉ። እሑድ ሳይደርስ ጅማ ያለውን ሰበካቸውን ለቀቁ፤ ኑሯቸውን ወደ ጅማ ካዞሩ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆዩበትን የሰቶ ሰመሮ ሰፈር እድር ተሰናበቱ፤ እዚህ ተመዘገቡ። ወይዘሮ አስካለ፣ «ሰው በእርጅናው መቃብሩን ያቀርባል እንጂ ያርቃል?» ቢሏቸው፣ «እኔ አልሄድበትም፤ የምትሸከሙኝ እናንተ» አሉ። ከዚያም በጉባኤው ፊት ከችግኞቹ መካከል በጀርባቸው ተጋደሙና ራስና ግርጌያቸው ላይ ድንጋይ አስቀመጡ።

«መቃብሬ ይኸው፤ እነዚህም አጥሬ ናቸው። እስቲ አሁን ንቀሉ!»

የሰው መቃብር ማን ይነቅላል? ነገሩ ጋሽ እሱባለው እስኪያርፉ በይደር ተያዘ። ከተማ ከተቀበሩ ይነቀላል፤ እዚህ ከተቀበሩ ይቀራል ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም አደረባቸው። ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወጡ ከለከላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እዚህ ወጥተዋል፤ ሲጠየቁ፣ «ጋራው ደረጃ የለውም» ብለዋል። የበኩር ልጃቸው መሳይ ለለቀስተኛው አስቦ፣ «አባዬ፣ ከተማ ብናሳርፍዎትስ?» ቢላቸው፣ «ታች ከቀበራችሁኝ በሦስተኛው ቀን ባሕር ዛፉ ይገባል። እኔን ቅበሩኝ ብዬ አይደለም፤ ትከሉኝ» አሉት። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። መሳይም ቃላቸውን ጠበቀ፤ ይኸው ሁላችንም እዚህ ነን።

ጋሽ እሱባለው የዛፍ ቁጥር የሚያጋንን ሰው አይወዱም ነበር። ስለ ድልድዩም ስለ ሠርጉም የተባለው ተብሏል፤ ይህ ግን እንዳለ ይጻፍ። የተተከለው 112 ነው። ብርድ የገደለው አለ፤ ፍየል የበላው አለ። በጥምቀት ሰሞን ራሳቸው እየዳሰሱ የቆጠሩት 37 ነው። ሠላሳ ሰባት። ማዶ የሀጂ ኡመይር 38 ነው፤ በአንዷ ብልጫ ሲኮሩባቸው ኖረዋል፤ ዛሬም ከማዶ ሆነው እያዩን ነው።

አቶ እሱባለው ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስካለን፣ ልጆቻቸውን መሳይን፣ ሊዮልንና ትዕግሥትን፣ እንዲሁም ናርዲን ጨምሮ አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል።

በኑዛዜያቸው መሠረት የአበባ ጉንጉን የለም፤ እያንዳንዱ ለቀስተኛ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ወጥቷል። ዝናቡ ዘንድሮም ቀርቷልና ውሃው መቃብሩ ላይ ሳይሆን ግራና ቀኝ ላሉት ችግኞች ይፍሰስ። የሰበካ ጉባኤው አባላት እንዲጀምሩ በአክብሮት እንጠይቃለን። በፀሐይ የቆማችሁ ጥላ የለም ብላችሁ አታማርሩ፤ ገና ነው፤ ለልጅ ልጆቻችሁ ቀብር ይደርሳል።

የጋራውም የቆላውም አምላክ ነፍሳቸውን ዝናብ በማይዘገይበት አገር ያሳርፍልን፤ ለእኛም የሚሸከም ትከሻ ይስጠን። አሜን። አሁን ጀሪካኑን አንሡ።