ሁለት ጆንያ ሰጋቱራ

የካቲት 2፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡20

መጋዙ ተነሳ። አናጺው ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ ነው የሚቆርጠው። ደብተሬ፣ ገጽሽ ላይ ያለው ቡናማ ብናኝ ቡና እንዳይመስልሽ። ኤምዲኤፍ የሚሉት ጣውላ ዱቄት ነው። ሻይዬ ላይ አለ። ቅንድቤ ላይ አለ። የባለቤቴ ፎቶ መስታወት ላይ አለ፣ ነፍሱን ይማረውና። ጠርጌ ዞር ስል እንደገና አለ።

አናጺው ግርማ አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። የመጀመሪያው ቀን ውጭ ልቁረጥ ማዘር ብሎኝ ነበር። (ማዘር! እኔን!) እምቢ አልኩ። ጎረቤት ይረበሻል አልኩት። ውሸቴን ነው። ላንቺ ምን እደብቃለሁ፦ እዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው ድምፅ ካሰማ ሁለት ዓመት አለፈው። ይቁረጥ። ይንጫጫ።

ቁምሳጥኑና የኪችን ካቢኔቱ ዛሬ ያልቁ ነበር። ትናንት አንድ መደርደሪያ ጨመርኩበት። መደርደሪያ አያስፈልገኝም።

የካቲት 4፣ ረቡዕ። ከምሳ በኋላ

ግርማ ሲበላ ወሬው አይጣል ነው። ካራ ሰፈር ያለው ወርክሾፓቸው ውስጥ ማን ማንን እንዳኮረፈ፣ የእጮኛው እናት ስለ ሰርጉ ድንኳን ስንቴ ሐሳብ እንደቀየሩ፣ ሁሉንም ነገረኝ። ለምጽፍበት መጽሔት ዓምዴ ይሆናል። ስም አልጠቅስም፣ ድንኳኑን ግን አልምርም።

ይገርምሻል፣ አንባቢዎቼ ቤቴ ሰው የማይጠፋበት ይመስላቸዋል። ጎረቤቶቼ ተሰብስበን ስንስቅ እያልኩ እጽፋለኋ! የካ አባዶ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሦስተኛ ፎቅ። የማውቀው ጎረቤት ደረጃ ላይ እንደምን አደሩ የምለውን ነው። የምንስቀው እኔና እኔ ነን።

ስለ ድንኳኑ ሳወራለት ግርማ አቋርጦ አንድ ነገር አለኝ። ሙጫው ዓይን ያቃጥላል፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ቀንም ማታም መስኮት ይከፈት። እሺ አልኩ። ከፈትኩም። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘጋሁት። በዚያ ሰዓት ከታች ያሉት ልጆች አባታቸው ሲገባ ይጮሃሉ። ደስ የሚል ጩኸት ነው። አልችለውም።

የካቲት 6፣ ዓርብ። 10 ሰዓት

አለቀ። ግርማ መጋዙን ጠቅልሎ ሄደ። ከቁርጥራጩ አንዲት ዱካ ሠርቶ መረቀልኝ። ጎን ጎኗ ሳይለበጥ ቀርቷል፣ ሲመለስ እንደሚለብጣት ነግሮኛል። የአንዱ በር ማጠፊያም ይቀረዋል። ሁለት ጆንያ ሙሉ ሰጋቱራ በሩ ሥር ትቷል። አይንኩት ማዘር፣ ስመለስ እወስደዋለሁ አለ።

አሃ! አልኩ በልቤ። ሰጋቱራ እንደሚፈለግ መች አጣሁት። ወስዶ ሊቸረችረው ነው። በእኔ ቤት የተቆረጠ በእኔ ቤት ይቀራል!

የሰጋቱራ ምድጃ ያላቸው ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ ናቸው። (ከዚህ በኋላ እ.ዘ. እላቸዋለሁ፣ እጄ ደከመ።) የጋራ ማብሰያው ውስጥ ቆሎ እየቆሉ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ለሚሸጡት ሴቶች ያስረክባሉ። ሰኞ ጾም ይገባል። ቆሎ እንዴት እንደሚፈለግ አስቢው።

ጆንያዎቹን እየጎተትኩ አወረድኩ። ወገቤ! እ.ዘ. እጃቸውን ከትተው ዳበሱት። ዱቄት ነውኮ፣ ብለው ተደነቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። “አንቺ ጋዜጠኛዋ አይደለሽ? እኔ ደግሞ ኩሩ ናት፣ ሰው አትፈልግም እል ነበር። ምነው እስከ ዛሬ ተደበቅሽ?”

ሰኞ ነይ አሉኝ። ደብተሬ፣ ነይ አሉኝ!

የካቲት 9፣ ሰኞ። 8 ሰዓት

ዱካዬን ይዤ ወረድኩ። ሥራውን አሳዩኝ። ምድጃው መሐል ጠርሙስ ያቆማሉ፣ ዙሪያውን ሰጋቱራ ይጠቀጥቃሉ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ መሳብ። ጉድጓድ ይቀራል፣ እሳቱ ከዚያ ነው የሚነሳው። ሁለቴ ናድኩባቸው። እጅሽ ለብዕር ነው የተፈጠረው፣ ለሌላ አይሆንም ብለው ሳቁብኝ። በሦስተኛው ቆመ።

ገብሱ ይንጣጣል፣ እሳቸው ያወራሉ። የብሎኩን ሰው ሁሉ ያውቁታል። የአራተኛ ፎቁ አስተማሪ ለምን ሁለት ቁልፍ እንደሚይዝ ዛሬ ገባኝ። አልጽፈውም። (ትንሽ እጽፈው ይሆናል።)

ጭሱ ዓይን ይለበልባል። ከወትሮው ይብሳል አሉ እ.ዘ.። ደረቅ ስለሆነ ነው አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ ብቻ አልኩ። ብርድ ስለሆነ በሩን ዘግተን ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። ስወጣ ልብሴ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። አላጠብኩትም።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ዓምዴን ላክሁ። በአንድ ትንፋሽ የጻፍኩት ነው። ርእሱ “ቤትዎን ሲያሳምሩ ጎረቤትዎን አይርሱ”። አናጺ ካስገባችሁ ሰጋቱራውንና ቁርጥራጩን ለምድጃ ለሚፈልግ ጎረቤት ስጡ፣ ወዳጅ ታፈራላችሁ የሚል። ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኳት ጎረቤት እውነተኛ ናት።

የካቲት 13፣ ዓርብ። ጠዋት

ራሴን ያመኛል። አራተኛ ቀኑ። ስነሳ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ቁምሳጥኑን ስከፍት የአዲስ ዕቃ ሽታ ግም ይላል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ አዲስ ነገር የገዛ ሰው ሽታ። አሁን ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ልብሴ ሁሉ እሱን እሱን ይላል።

እ.ዘ. ሳል ጀምሯቸዋል። ጾም ሲገባ ሁሌም ጉንፋን ይይዘኛል ይላሉ። እየሳሉ ይቆላሉ። ትናንት አረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷቸው በእጃቸው ነገሩኝ፣ ስለ አስተማሪው። ሳቅኩ። እሳቸውም ለመሳቅ ሞከሩ።

የካቲት 16፣ ሰኞ። 9 ሰዓት

መጽሔቱ ወጣ። ፎቶዬም አለ፣ የድሮው፣ የሚያምረው። ላሳያቸው ብዬ ለመውረድ ስነሳ በሩ ተንኳኳ። ግርማ። ማጠፊያውን ሊያስር፣ ዱካዋን ሊለብጥ። ገና እንደገባ አፍንጫውን ጨበጠ። መስኮቱን ራሱ ሄዶ ከፈተው። ማዘር፣ እዚህ ውስጥ ነው እንዴ የሚተኙት አለ።

ከዚያ ጆንያዎቹን ጠየቀ። ለማን ልትሸጠው ነበር? አልኩት።

ልሸጠው ነው ብለው አስበው ነው እንዴ? ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። ቃሉን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ “ይሄኮ እንደ ጥድ ሰጋቱራ አይደለም። የእንጨት ዱቄት በሙጫ ተለውሶ፣ በሙቀት ተጨፍልቆ ነው። ሙጫው ሳይነድም ጋዝ ያወጣል፣ ዓይንዎን ያቃጠለው እሱ ነው። ሲነድማ አይጣል። እኛ ጋ አንድ ጠዋት ለሙቀት ብለን ቁርጥራጩን አነደድን። ሁላችንም እያለቀስን ወጣን፣ አንዱ ልጅ አስመለሰው። ከዚያ ወዲህ ለብቻ ጆንያ ነው፣ ለማንም አንሰጥም።”

ለማን ሰጡት? አለኝ።

ለማንም፣ ጣልኩት አልኩ።

ደብተሬ፣ እንዲህ አልኩ። ዓይኑን እያየሁ።

ከሄደ በኋላ ስልኬ ላይ አነበብኩ። የጋዙ ስም ፎርማልዴሃይድ ይባላል። ዓይንና ጉሮሮ ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ሰው ያብስበታል፣ ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት ከካንሰር ጋር ይያያዛል። ብናኙም ለብቻው ሳንባ ይጎዳል። ውጭ ሜዳ ላይ፣ በደህና ማስክ ነው የሚቆረጠው። በመጥረጊያ አይጠረግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው። ጠርዙ ሳይለበጥ አይተውም። አይንደድ። አይንደድ። አይንደድ።



የካቲት 17፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት

አልነገርኳቸውም።

ወርጄ ነበር። መጽሔቱን የበር ጠባቂው ሰጥቷቸው ፎቶዬን ቆርጠው ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ከወንፊቱ አጠገብ። “አየሽ ሙልዬ፣ ዝነኛ አደረግሽኝ!” አሉና ሳል ያዛቸው። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ቆየ። ሁለተኛው ጆንያ ግማሽ ደርሷል።

ምን አልኩ? በሩን ብንከፍተው አልኩ። ደግሞ ዛሬ ቢያርፉ አልኩ። በጾም ማን ያርፋል አሉኝ። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ጭሱን ሳየው ዋልኩ።

ብነግራቸው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ያቺ ሴትዮ መርዝ ሰጠችኝ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ብሎኩ በሙሉ በአንድ ቀን ይሰማል፣ ወሬው የሚነሳው ከእሳቸው ዘንድ ነዋ። እኔም ተመልሼ ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃ ላይ እንደምን አደሩ።

የካቲት 19፣ ሐሙስ። 6 ሰዓት

ዛሬ ማብሰያው ተዘግቷል። ጤ/ጣቢያ ሄደዋል አለ የበር ጠባቂው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። አምስት ሰዓት ላይ መጡ፣ እየቆሙ እያረፉ። ሽሮፕ ተሰጥቷቸዋል። ማክሰኞ ተመለሺ ተብለዋል። ሐኪሟ ምን ዓይነት ጭስ ላይ ነው የሚውሉት ብላ ጠይቃቸዋለች። “ያው የድሮው ምድጃዬ፣ ያው ሰጋቱራ አልኳት። ስንት ዘመኔ ነው፣ ምን የተለየ ነገር አለ!”

የተለየውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሐኪሟ አታውቅ፣ እሳቸው አያውቁ። እኔ ዝም ካልኩ ማክሰኞም ሽሮፕ ነው የሚሰጣቸው። ከጤ/ጣቢያ ሲመለሱም ያንኑ ጆንያ ነው የሚከፍቱት።

ነገርኳቸው። እዚያው ደረጃው ላይ። ሙጫውን፣ ጋዙን፣ ግርማ አይንኩት ማለቱን፣ ሊሸጠው ነው ብዬ መጠርጠሬን። ከሰኞ ጀምሮ ማወቄንም። ይሄኛው ነው ከሁሉ የከበደኝ።

ሽሮፑን ደረጃው ላይ አስቀመጡት። “ማክሰኞ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ነበር።” አዎ አልኩ። “ስስል እያየሽኝ።” አዎ አልኩ። ተነስተው ገቡ። በሩን አላጋጩትም። ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ምንም።

ግርማን ጠርቼ መዋሸቴን ነገርኩት። ማዘር ምን ነካዎት አለ፣ በቃ ይኸው ነው ያለው። የተረፈውን ከማብሰያው አውጥቶ ወሰደ። ስወርድ ፎቶዬ ግድግዳው ላይ የለም። ዱካዬም የለችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱን ክፍት ተውኩት። ልጆቹ ጮሁ። አባታቸው ምን ይዞላቸው እንደመጣ ሰማሁ። ብርቱካን ነው።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ። 5 ሰዓት

ማረሚያውን ጻፍኩ። በራሴ ስም፣ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ስፋት። ያለፈው ምክሬ ስሕተት ነበር። የኤምዲኤፍና የቺፑድ ብናኝና ቁርጥራጭ አይንደድ፣ ለጎረቤትም አይሰጥ። ይህን ሳላውቅ አንዲት ሴት አሳመምኩ፣ ካወቅሁ በኋላም ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሦስት ቀን የሚለውን ሁለቴ ሰረዝኩት፣ ሁለቴ መለስኩት።

ከመላኬ በፊት ላነብላቸው ወረድኩ። ቢያባርሩኝም በር ላይ ቆሜ አነብላቸዋለሁ ብዬ።

ምድጃው ውጭ ነው! ከማብሰያው ወጥቶ ሜዳው ላይ፣ የእንጦጦ ነፋስ በሚመጣበት በኩል። ከሥሩ ባሕር ዛፍ ይነዳል። እ.ዘ. ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው ያማስላሉ። ቀና አላሉም። ወረቀቴን ዘርግቼ አነበብኩ። ማማሰላቸውን አላቆሙም። ስጨርስ ሳሉ፣ ቆዩ፣ እንደገና ሳሉ።

“ስሜን እንዳትጽፊ” አሉ። አልጽፍም አልኩ። “አሳመምኩ ያልሽውን እንዳለ ተይው፣ ልክ ነው። ቆሎዋ ግን ምንም አልሆነም በይ። ላምበረት ያሉት ሴቶች ሰምተው እንዳይሸሹኝ።” እሱን ማለት አልችልም አልኳቸው። በዚያ ጭስ የተቆላው ምን እንደነካው አላውቅማ። ያኔ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። “እንግዲያው የተቆላውን ገብስ፣ የተረፈውን እንደፋዋለን፣ ምን ይደረጋል” አሉ።

እንደፋዋለን አሉ፣ ደብተሬ። እደፋዋለሁ አላሉም።

ከዚያ በማማሰያው ወደ አጥሩ ጠቆሙ። ዱካዬ እዚያ ናት፣ ብቻዋን፣ ፀሐይ ላይ። “ያቺ ነገርሽ ትሸታለች። ነፋሱ ከእኔ ወደ አንቺ በሚሄድበት በኩል ተቀመጪ። አንቺም እሷም ጠረናችሁ እስኪወጣ እዚያው ናችሁ።”

ተቀመጥኩ። ሩቅ ነው፣ እየጮኽን ነው ያወራነው። ስለ አስተማሪው አንድም ቃል አልነገሩኝም። ቀጥተውኛል፣ ይገባኛል። ሳሉ አልለቀቃቸውም። ሲስሉ አጎንብሼ መሬት መሬት አይ ነበር።

ማረሚያው የገብሱም ነገር ተጨምሮበት አሁን ይላካል። ማክሰኞ 2 ሰዓት ጤ/ጣቢያ ነን፣ ለሐኪሟ የምነግራት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ስለ ምድጃው ሲከራከሩ አላቋርጣቸውም። ቁምሳጥኑን ባዶ አደርገዋለሁ። ሽታው እስኪወጣ ሳሎን እተኛለሁ፣ መስኮቱም

እ.ዘ. ከታች እየተጣሩ ነው፣ ሙልዬ እያሉ