ወይዘሮ የወርቅውሃ መንገሻ፦ የወንድማቸውን ፋይል ያስከፈቱ እህት

ወይዘሮ የወርቅውሃ መንገሻ ከአባታቸው ከአቶ መንገሻ ተክለጻድቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅዬ ታደሰ በ1929 ዓ.ም. በሰላሌ፣ ፍቼ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ ፊደል የቆጠሩት እቤታቸው ነው። በፍቼ ትምህርታቸውን ተከታትለው ወደ አዲስ አበባ በመምጣት የጽሕፈት መኪና ተማሩ፤ በ1949 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። እጃቸው ፈጣን፣ አፋቸው ቁጥብ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ከመምህር ጋሻው አክሊሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ሀረገወይንን አፈሩ። መምህር ጋሻው በ1970 ዓ.ም. ከሚያስተምሩበት ክፍል ተጠርተው እንደወጡ አልተመለሱም። ወይዘሮ የወርቅውሃ ሦስት ወር ሙሉ ስንቅ ቋጥረው ከእስር ቤት እስር ቤት ዞሩ። በየበሩ ያገኙት መልስ አንድ ነበር፦ «በመዝገብ የለም።» ከሁለት ዓመት በኋላ ልጃቸውን ይዘው በሱዳን በኩል ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ገቡ። ኤመሪቪል በሚገኝ ሆቴል ሃውስኪፒንግ፣ በክፍል ጽዳት፣ ተቀጥረው እስከ ሕመማቸው ድረስ ሠርተዋል።

ታናሽ ወንድማቸው አቶ አምሐ መንገሻ ቀደም ብለው ለሥልጠና መጥተው ሳን ሆዜ ቀርተው ነበር። ጥገኝነት ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1982 ተከለከሉ። ደብዳቤው «በፋይልዎ ውስጥ ባለው መረጃ መሠረት» ከማለት በቀር ምክንያቱን አይናገርም። ጉዳዩን በነፃ የያዙላቸው ጠበቃ፣ ማንም ሰው መንግሥት የያዘውን ሰነድ እንዲያሳየው የሚጠይቅበት ሕግ እንዳለ ሲነግሯቸው ወይዘሮ የወርቅውሃ አላመኑም። «ጠይቄው የሚመልስልኝ መንግሥት አለ?» አሉ። ቢሆንም ወንድማቸውን አስፈርመው፣ እሳቸው እየነገሯት ሀረገወይን በእንግሊዝኛ ጽፋ ማመልከቻው ተላከ።

መልሱ የመጣው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። ስልሳ አንድ ገጽ ነበር፤ ግማሹ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። ወይዘሮ የወርቅውሃ እንግሊዝኛቸው ገና ቢሆንም የሰው ስም ያነቡ ነበርና ገጽ በገጽ በጣታቸው ሄዱበት። ሳይሸፈን ከቀረው ውስጥ እንዲህ የሚል አገኙ፦ አምሐ መንገሻ፣ የጅማ ተወላጅ፣ ሰው ያሳሰረ ካድሬ። ወንድማቸው ጅማን ረግጠው አያውቁም። የአያት ስም ስላልተጻፈ የሌላ ሰው ኃጢአት በእሳቸው ስም ተመዝግቦ ኖሯል።

በዚያው ዓመት፣ በ1984፣ በዋሽንግተን ያ ሕግ እንዲሻሻል ክርክር ተነሥቶ ነበር። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ለምርመራ ሰነዶችና ለጠቋሚዎች ተጨማሪ ከለላ የሚሰጥ ረቂቅ አጽድቆ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ልኮታል። ገሚሱ ወንጀለኛ በሕጉ ተጠቅሞ ጠቋሚውን እየለየ ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ያልበደለ ሰው የተባለበትን ሳያውቅ ይቀራል ይላል። አንድ የምክር ቤት አባል በጉዳዩ ላይ ኦክላንድ ውስጥ ሕዝብ ሲያወያዩ ወይዘሮ የወርቅውሃ ለመናገር ተመዘገቡ። አቶ አምሐ ይህን ሲሰሙ ከሳን ሆዜ በአውቶቡስ መጡ። «እትዬ፣ ጉዳዬ ገና አላለቀም። ዝም ብንል ይሻለናል» ብለው ለመኑ። «ዝም ማለትንም ሞክሬዋለሁ» አሏቸው፤ በማግስቱ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ሄዱ።

ሀረገወይን ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ያስተረጎመችውም እሷ ነች። «የጠቆመውን ሰው ስም ሸፍኑት፤ እሱም ነፍስ አለው» አሉ። «ስለ ወንድሜ የተባለውን ግን አትሸፍኑብኝ። ያ መስመር ቢጠቁር ኖሮ ለምን እንደከለከላችሁት ሳላውቅ አልቅሼ እቀር ነበር።» ከዚያም ማንም ያልጠየቃቸውን ጨመሩ፦ «እኔም በተራዬ ሸፍኛለሁ። በ1965 ዓ.ም. አንድ ከወሎ የመጡ ሹም ስብሰባ ላይ ሕዝቡ በረሃብ እያለቀ ነው ብለው ሲናገሩ ጽፌው ነበር። አለቃዬ አውጪው ሲሉኝ ገጹን እንደ አዲስ ታይፕ አደረግሁት። ስርዝ ድልዝ የለውም፤ ንጹሕ ገጽ ነበር።»

ሀረገወይን ይህን ሰምታ አታውቅም ነበርና መተርጎሟን አቆመች። «ማም፣ ይሄንንም ልበለው?» አለቻቸው።

«በይው» አሏት።

ያ ረቂቅ በዚያ ዓመት ሕግ ሳይሆን ቀረ። አቶ አምሐም እናታቸው ከፍቼ በላኩላቸው፣ የአያት ስም ባለበት የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ማንነታቸውን አስረድተው በ1985 ጥገኝነት ተፈቀደላቸው። በ1986 ግን ሕጉ በሌላ ማሻሻያ ተለወጠ፦ በምርመራ ሰነድ ላይ ጥብቅ ሆነ፤ እንደ እሳቸው ላለው ጠያቂ ደግሞ ክፍያው ቀለለ። ኦክላንድ ውስጥ ቴሜስካል ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ወዳጃቸው ወይዘሮ ጸሓይ ገብረሂወት «ታዲያ አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን?» ሲሏቸው «ግማሹን በር ዘጉት፤ እኛ በቀረው እንግባ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በወይዘሮ ጸሓይ ምግብ ቤት ተቀምጠው ለኢትዮጵያዊውም ለኤርትራዊውም ማመልከቻ ያስሞሉ ነበር። አገር ቤት ጦርነት ነበረ፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን የተነሣ ጠብ አልነበረም። ብዙዎች ፋይላቸውን አገኙ፤ ጥቁር ገጽ ብቻ የደረሳቸውም አሉ።

ወይዘሮ የወርቅውሃ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1989፣ መጋቢት 2 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ52 ዓመታቸው በኦክላንድ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጃቸው ሀረገወይን ጋሻው፣ ወንድማቸው አቶ አምሐ መንገሻ እና በፍቼ የሚኖሩት ወላጅ እናታቸው ወይዘሮ ወርቅዬ ታደሰ ከኋላቸው ቀርተዋል።

ለወይዘሮ ወርቅዬ መርዶው ገና አልተነገራቸውም። ዘመድ በአካል ሄዶ በሥርዓቱ እስኪያረዳቸው ድረስ ማንም እንዳይደውልላቸው ቤተሰቡ ይለምናል።

የሁላችንን መዝገብ የሚያውቅ አምላክ የእህታችንን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለእናታቸውም ብርታቱን አስቀድሞ ይላክላቸው። አሜን።