ሾፌር ያልሽው አባትሽ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የጀርባ ሕመምሽ ተወሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ፤ ከሳሉ በቀር ምንም አልሆንኩ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ጎረቤቴ አስተማሪው ልጻፍልዎ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሾፌር የሚለውን ቃል እንግሊዞች ከፈረንሳዮች እንደወሰዱት፣ ለፈረንሳዮቹም መጀመሪያ እሳት አንዳጅ ማለት እንደነበር ጽፈሽልኛል። የጥንቱ መኪና በእንፋሎት ስለሚሄድ ነው ብለሻል። ደስ እንዲለኝ ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል። ግን ልጄ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ የሳሙና ፋብሪካው ቦይለር፣ የእንፋሎት ማፍያው፣ ፊት ቆሜ እንጨት ስማግድ ነው። መሪ ከጨበጥኩ ሁለት ዓመቴ። መንገድ ላይ ነኝ እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው።

ቀኝ ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል። የምታውቀው እናትሽ ብቻ ነበረች። ከፋብሪካው የጭነት መኪና ጋቢና የማትጠፋው ለዚያ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ እንዳይማግጥባት እየጠበቀችው ነው እያለ ሲስቅብን፣ እሷ ከቀኜ ተቀምጣ ሰው አለ፣ ጋሪ አለ፣ አሁን እለፍ ትለኝ ነበር። ስትሞት ማቆም ነበረብኝ። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ስምንት ወር ብቻዬን ነዳሁ። አንድ ጠዋት መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ስመልስ ጫኝና አውራጁ በቀኝ በኩል ቆሞ ኖሯል። ከግድግዳው ጋር አጣበቅሁት። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ተቆረጠ። መንጃ ፈቃዴን በዚያው ሳምንት አስረከብኩ።

ደብዳቤሽን ለፋብሪካው መካኒክ ባነብለት፣ እንግዲያማ ጋሼ፣ ሾፌርነትዎ አልቀረማ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ያ ሰው በክራንቹ እየተደገፈ በበሩ ሲያልፍ አየሁትና ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። በሰደበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመጣ በመኪናህ ትቀበለናለህ፣ ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ ብለሻል። እኔ ዳግም መሪ ጨብጬ ሌላ ሰው ልጎዳ አልፈልግም። እውነቱን ንገሪያቸው፤ ማፈሩን ለኔ ተዪው።

ባልሽን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። በግራዬ በኩል ኑ። በቀኜ ከመጣችሁ አላያችሁም።

አባትሽ
ከቦይለሩ ቤት፣ ኅዳር 14 ቀን