እልል የተባለለት ስንብት

ውድ ሞንዘር፣

"ውድ" ያልኩህ ሌላ አጀማመር አጥቼ ነው እንጂ፣ ከማክሰኞ ወዲህ ስምህን ስጠራ ምራቄ ይመረኛል። አፌን ሞልቼ ልንገርህ፤ ተጸይፌሃለሁ።

እዚህ ሞናስቲር ከተማ ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ ስንማር አስተማሪያችን ማዳም ዶራ ምን ትለን ነበር? "ሰው ፊት ቆማችሁ ስትናገሩ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። አጭር። ሰሚው ካልገባው ጥፋቱ የእናንተ ነው።" አንተ ላብ እያጠመቀህ ስለ ወይራ ዘይት ሽያጭ ታቀርባለህ፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እንዳትሳሳት እጸልይልሃለሁ። ወድጄህ ነበር፤ ይኸው ተናገርኩት። እንኳንም ያኔ አላወቅክ።

ማክሰኞ ፋብሪካችን ውስጥ ማሽኖቹ ቆመው የስፌት አዳራሹ ጸጥ አለ። ፋብሪካውን የገዙት ሁለት እንግዶች ከፊት ተቀመጡ፣ ሴቶቹ በሙሉ ከኋላ ቆሙ፣ እኔም ከመሃላቸው። አንተ ጥቁር ሱፍህን ግጥም አድርገህ ለብሰህ ስክሪኑ አጠገብ ቆምክ። እናትህ እትዬ ሞንጂያ የልብስ ቁልፍ ከሚተክሉት ሴቶች መሃል ሆና አጠገቧ ያለችውን ሁሉ በክርኗ ትጎሽማለች።

"የኔ ነው! የኔ ልጅ ነው እኮ!"

አንተ በፈረንሳይኛ ብታወራ ሴቶቹ ግማሹን ይይዙት ነበር፤ የድሮዎቹ አለቆች ሲሰድቧቸው ለምደውታል። በእኛ ዐረብኛማ ሕፃን ልጅም ይገባዋል። አንተ እንግሊዝኛውን መረጥክ፤ እሱንም ጥርት ያለውን አይደለም። "አሠራርን ማዘመን"፣ "የሰው ኃይልን ማመጣጠን"፣ "አዲስ ምዕራፍ"! ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት አሳይተህ ፈገግ አልክ። ከዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ እኔ ለቅሜ ያወጣሁት ይህን ነው፦ ስፌት ክፍሉ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ ሴቶቹ በግማሽ ካሳ ይሰናበታሉ፣ የሚቃወም ካለ አሁኑኑ ይናገር።

ማን ይናገር? እጄን ባነሳ እንዳላየህ ሆንክ። "አመሰግናለሁ" ስትል ሴቶቹ ማለቁን አውቀው አጨበጨቡ። እናትህ ደግሞ እልል አለች። ሞንዘር፣ እንጀራዋን ስትነጥቃት እልል አለችልህ! አንተም እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ እጅ ነሳሃት።

አንደኛው እንግዳ ግራ ገብቶት "በእርግጥ ሁሉም ተረድተውታል?" ብሎ ሲጠይቅህ አጠገባችሁ ደርሼ ነበር።

"በራሳቸው ቋንቋ ቀድሜ አስረድቻቸዋለሁ" አልከው። "እንደሚያዩት ተስማምተዋል።"

ቱ! ይህንን ብቻ አሳጥረህ፣ ግልጽ አድርገህ ተናገርክ።

እትዬ ሞንጂያን አውቶቡስ ፌርማታው ጋ አገኘኋት። በቴምር የተሞላ ማቅሩድ ገዝታ ሴቶቹን እየዞረች ታጎርሳለች። "ብዪ፣ የልጄ ነው!" ብላ ለእኔም ሰጠችኝ። የሰማሁትን ነገርኳት።

"ቀንተሽ ነው" አለችኝ። "እዚያ ቆመሽ ስላልተናገርሽ።"

"እትዬ፣ ይዘጋል ነው ያለው።"

"በምን አንደበቱ ይለዋል?"

"በእንግሊዝኛ።"

ማቅሩዱን ከእጄ ቀምታኝ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ሴቶቹም እሷን አምነው ተከተሏት። ማንን ይመኑ ታዲያ፣ እናትን ነው ወይስ እኔን?

በማግስቱ ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ደውላልህ ኖሯል። "'እማ፣ ኋላ አስረዳሻለሁ' አለኝ" አለች። "ውሸት ቢሆን ኖሮ 'ውሸት ነው' ይለኝ አልነበር? ኋላ ምን ያደርጋል?" ከዚያ ሻርፗን አውልቃ ወንበሬ ላይ ጣለችና "በይ አስተምሪኝ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እሱ በሰዎቹ ቋንቋ ከእኔ ተደበቀ። እኔ በሰዎቹ ቋንቋ እነግራቸዋለሁ።"

ይኸው ኩሽናዬ ውስጥ ቆማ፣ ማቀዝቀዣዬን እንግዶቹ አድርጋ ፊት ለፊት እያየች ትለማመዳለች። "አልገባንም። ማንም አልነገረንም። ያጨበጨብነው ለልጁ ነው።" ሌላ የላትም። ምላሷ እምቢ ሲላት "አንቺ አህያ!" ብላ ራሷን ትሰድብና ትስቃለች፤ ስቃ ሳትጨርስ እንባዋ ይመጣል፤ ጠርጋው እንደገና ከመጀመሪያው። ሴቶቹም አሁን አምነዋታል። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ እንግዶቹ የስንብቱን ውል ሊፈርሙ ሲመጡ ከኋላዋ ይቆማሉ። ፊርማው ከተፈረመ በኋላ የሚሰማን እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

አንተስ? አለቃ ሆነህ በአዲሱ ቢሮ ትቀመጣለህ አሉ። ደግ። ወንበሩ ይመችህ።

ትናንት ትምህርታችንን ስንጨርስ አንድ ነገር ጠየቅኋት። "እትዬ፣ ሰዎቹ 'እሱ ነግሬያቸዋለሁ ብሎናል' ቢሉሽስ? 'ዋሸ' የሚለውን ቃል ላስተምርሽ?"

"እሱን ተዪው" አለችኝ። "እሱን ቃል ከተማርኩት ልጄን ባየሁ ቁጥር አፌ ላይ ይመጣል።"

እኔ ግን ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ሞንዘር። ሐሙስ ዓይንህን እያየሁ እናገረዋለሁ።

ራፊቃ