የቤተሰቡ ኃላፊ በአካል ስላልቀረበች

መጋቢት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.
ከሚሴ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጤና መድህን ምዝገባ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የማኅተምዎም ጤና እንዴት ሰንብቷል? እኛ በቢሮዎ በር ላይ ቆመን የምንውለው ሰዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው ዓዲላ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ የምጽፈውም ስለ እርሷ ነው።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል፤ ለማያውቀው አንባቢ ግን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ዓዲላ አባቷ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከአያቷ ከወይዘሮ ፋጡሜ ጋር ነው፤ ቤታቸው ከቤቴ አጥር ማዶ ነው። እናቷ ሳቢራ ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። የሥራ ፈቃዷ፣ ማለትም ኢቃማ የሚሉት፣ ጊዜው ሲያልቅ የሚታደስ እንጂ የዘለቄታ አይደለም። ቤቱ የተሠራው በእርሷ ላብ ስለሆነ በቀበሌው መዝገብ የቤተሰቡ ኃላፊ ተብላ የተመዘገበችው እርሷ ናት። ዓዲላ አምና ጉሮሮዋን ታማ በጊዜው ሳትታከም ቀርታ ሕመሙ ወደ ልቧ ወረደ። አሁን በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ሐኪሙም ደሴ ሄዳ ልቧ በመሣሪያ እንዲታይ ጽፎላታል። የሳቢራ ደመወዝ የሚመጣው ወር ሲሞላ ሳይሆን አሠሪዋ ደስ ሲላት ነው። የጤና መድህን ለእንዲህ ያለው ቤት የታሰበ መሆኑን እርስዎ ራስዎ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ስላስተማሩን፣ ትምህርቱን አምነን መዋጮውን ይዘን መጣን። ለተደረገልን መስተንግዶ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. የቤተሰብ ኃላፊ በአካል ቀርቦ ፎቶግራፍ ካልተነሣ ቤተሰቡ እንደማይመዘገብ በትዕግሥት ስላስረዱን አመሰግናለሁ። ኃላፊዋ የቀረችው ስለሰነፈች ሳይሆን ቤተሰቡን ለመመገብ ስለሄደች መሆኑን ስናስረዳ ደግሞ፣ ይህ በመመሪያው ውስጥ እንደሌለ ነገሩን። እውነት ነው፤ እኔም መመሪያውን አስፈቅጄ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፣ የለም። ከልክሉ የሚልም የለም።

2ኛ. ችግሩን የምንፈታባቸውን መንገዶች ስላሳዩን አመሰግናለሁ። አንደኛው፣ ሳቢራ ከቀበሌው ለቃለች ተብሎ መሸኛ እንዲወጣላት ነው፤ መሸኛ ከወጣላት ግን መታወቂያዋም ቤቷም ባለቤት ያጣሉ። ሁለተኛው፣ ሞታ ከሆነ የሞት ማስረጃዋን ብናመጣ ወይዘሮ ፋጡሜ በዚያው ቀን በኃላፊነት ይመዘገባሉ የሚል ነበር። ይህን የተናገሩት በቅን ልቦና እንደሆነ አልጠራጠርም። ወይዘሮ ፋጡሜ ግን ጠረጴዛዎን ይዘው፣ «ያ ረቢ፣ ልጄን በቁሟ ቀብሬ ነው የልጇን መድኃኒት የማገኘው?» ብለው ጠየቁዎት። እርስዎም ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ።

3ኛ. በዚህኛው ቁጥር ሥር ያለው ምስጋናዬ ከሁሉ የጠለቀ ነው። በሳምንቱ ሳቢራን በኢሞ ደውለን ፊቷን በስልኩ መስታወት ላይ አቀረብንልዎ። እርስዎም ስልኩን ተቀብለው «ሳቢራ፣ ነጋ ጂርታ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጧት፤ ሙቀቱን፣ አሠሪዋን፣ የሚመጣውን ጾም እንዴት እንደምታሳልፍ ጠየቋት። ለባሏ ለቅሶ ሳይደርሱ በመቅረትዎ ይቅርታ ጠይቀው አፅናኗት። ከዚያም እየሳቁ፣ «ስትመጪ ሽቶ እንዳትረሺን» አሏት። እርሷም ልጇን ከመዘገቡላት ሽቶው በመጀመሪያው መንገደኛ እንደሚደርስ ነገረችዎት። ስልኩን ከመለሱልን በኋላ በመዝገቡ ላይ የጻፉትን ዓይኔ አይቷል፦ «የቤተሰቡ ኃላፊ ስላልቀረበች አልተመዘገበም።» ለለቅሶና ለሽቶ የቀረበች ሴት ለመዝገብ ያልቀረበች የምትሆነው በምን ስሌት እንደሆነ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ አላገኘሁትም።

4ኛ. በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ብናመጣስ ብለን ስንጠይቅ፣ «በውክልና ቤት ይሸጣል እንጂ በውክልና አይታመምም» ብለው አሳቁን። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። የታመመችው ዓዲላ እንደሆነች፣ እርሷም በአካል ቀርባ ከአያቷ ጎን ቆማ እንደነበረች ያስተዋለ አልነበረም። ደረጃ መውጣት ስለሚያደክማት ግድግዳውን ተደግፋ ነበር።

5ኛ. በመጨረሻው ቀጠሯችን ደግሞ አዲስ ምክንያት ስለጨመሩልን አመሰግናለሁ፤ ሳቢራ ደመወዝተኛ ስለሆነች የሚመለከታት የደመወዝተኞች መድህን ነው ተባልን። ያ መድህን ገና አልተጀመረም። እኛ ጡረተኞችም እርሱን ስንጠባበቅ እያረጀን ነው። እንግዲህ ሳቢራ ነዋሪ እንዳትባል ሩቅ ናት፣ ድሃ እንዳትባል ሠራተኛ ናት፣ ሠራተኛ እንዳትባል ደግሞ አሠሪዋ እዚህ የለችም።

6ኛ. ለአምቡላንስ መግዣ መዋጮ በተሰበሰበ ጊዜ ግን «በውጭ የምትገኝ የቀበሌያችን ነዋሪ» ተብላ ስሟ ተነብቦ ተጨብጭቦላታል። ያነበቡት እርስዎ ነበሩ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይዎ። ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ከሚታዩት አዳዲስ የቆርቆሮ ቤቶች ብዙዎቹ ኃላፊያቸው በኢቃማ ላይ ያለ ነው። በጨፋ ማሽላውን የሚያርሱት አባቶችና ልጆቹን የሚያሳድጉት አያቶች ናቸው። እነዚህን ቤቶች ሁሉ ከመዝገብ ካወጡ ሥራዎ እንደሚቀልልዎ አውቃለሁ።

ሳቢራ ባለፈው ጁምዓ ደውላ «ጋሼ፣ እውነቱን ንገሩኝ፤ ሥራዬን ጥዬ ልምጣ?» ብላ ጠይቃኛለች። ኮንትራቷን አቋርጣ ከመጣች ኢቃማዋ ይሰረዛል፤ ተመልሳ ልትሄድ አትችልም። እርስዎ በጽሑፍ እስኪመልሱ ድረስ እንድትታገሥ ነገርኋት። ስለዚህ ምዝገባው በዚህ ወር መጨረሻ ሳይዘጋ፣ ወይዘሮ ፋጡሜ በልጃቸው ምትክ ፎቶግራፍ ተነሥተው ቤተሰቡ እንዲመዘገብ፣ ይህም የማይሆን ከሆነ የማይሆንበት አንቀጽ ተጠቅሶ በፊርማዎ እንዲሰጠን በትሕትና አመለክታለሁ።

የወንበርዎን ዕድሜ ከእኛ ትዕግሥት ያስበልጥልዎ ዘንድ አላህን እየለመንሁ፣ ከበርዎ ውጭ ከተሰለፉት ሁሉ በሚበልጥ አክብሮት፣

ሙሀመድአሚን ዩሱፍ
ጡረተኛ መምህር

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፣ ሚያዝያ 5 ቀን፦ የዚህን ደብዳቤ ዋና ቅጂ በተጻፈ ዕለት በእጅዎ ሰጥቼ መልስ ስጠብቅ ቆይቻለሁ። መልስ ስላልመጣ አሁን ለሕዝብ እንዲነበብ አድርጌዋለሁ። በመካከሉ ሳቢራ መታገሥ አቅቷት ያልተከፈላትን ደመወዝ ሁሉ ትታ መጥታለች፤ ትናንትም በአካል ቀርባለች። እርስዎ ደስ ብሎዎት ተቀበሏት፤ ፎቶግራፍም አስነሧት። ምዝገባው ግን በመጋቢት መጨረሻ ስለተዘጋ የምትገባው በሚቀጥለው ዓመት እንደሆነ፣ አሁን ገቢ ስለሌላትም ያን ጊዜ መንግሥት መዋጮ ከሚከፍልላቸው ድሆች ጋር ልትመረጥ እንደምትችል አበሠሯት። ልትከፍል ለምና የተከለከለችን ሴት፣ መክፈል እስኪያቅታት ጠብቆ በነጻ ለመመዝገብ ቃል የገባ መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል፤ የዓዲላ ልብ እስከሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ድረስ እንዲጠብቅ የሚታዘዝበት ቅጽ በቢሮዎ ካለ፣ እባክዎ ማኅተም አድርገው ይላኩልን። ልጅቷ በአካል ቀርባ ትፈርማለች።