ከጆንያው ላይ የጠፋው ጉሬዛ

‹‹የድርጅታችን ምልክት ዘመኑን ተከትሎ ቀለል ማለት ስላለበት፣ ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ በጆንያውም በሱቁ ሰሌዳም ላይ ጥቁር ክብ ብቻ ይሆናል። ሟች እኅቴም በሕይወት ሳለች ተስማምታበታለች።››

አስካለዬ፣ ይህን የጻፈልኝ ወንድምሽ በላቸው ነው። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ደብዳቤዬን በሰላምታ ልጀምር አስቤ ነበር፤ የእሱን ቃል ካነበብኩ በኋላ ግን ትዕግሥቱን አጣሁ።

ቤቱ ደኅና ነው። ልጃችን አልማዝ ጎሬ አስተማሪ ሆና ሄዳለች፤ መንገዱ ሲደርቅ ትመጣለች። ክረምቱ የጓሮውን አጥር ጥሎት ነበር፣ አስጠገንኩት። የተከልሽው ብርቱካን አፈራ፤ ይጎመዝዛል እንጂ።

ጉሬዛውን የሣልሽበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ከነፃነት በኋላ አንቺና በላቸው የቡና ንግዱን ስትጀምሩ፣ የያዮና የኖፓ ገበሬ ከሩቅ የሚለየው ምልክት ያስፈልገናል አልሽ። ቡና ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ ጉሬዛ ሣልሽ፣ ረጅም ጭራው ወደ ታች የወረደ። እኔ፣ ከውጭ አገር ተምሬ የተመለስኩት ባልሽ፣ የሱቁ ስም በትልልቅ ፊደል ይጻፍ ብዬ ስከራከር ሳቅሽብኝ። ገበሬው ስሙን ትቶ ‹‹የወኒ ሱቅ›› አለን፤ ወኒ በኦሮምኛ ጉሬዛ ነው።

በላቸው ግማሽ እውነት ይዟል፣ አልክደውም። ምልክቱን መጀመሪያ ያቀለልሽው አንቺ ነሽ። ሥዕሉ ቆርቆሮ ላይ ተቆርጦ፣ ቆርቆሮው ጆንያው ላይ ተነጥፎ በብሩሽ ቀለም ሲቀባ፣ የዓይኑ ቀዳዳ በቃጫ እየተደፈነ አስቸገረ፤ ዓይኑን አስቀረሽው። በቅጠሎቹ መካከል ያለው ቀጭን ቆርቆሮ በሠራተኞቹ እጅ ሲሰበር ቅጠሎቹን ቀነስሽ። ግን አንድ ነገር በቀነስሽ ቁጥር ጆንያውን ከግድግዳው ታስደግፊና መንገዱን ተሻግረሽ ታዪው ነበር። ከማዶ ጉሬዛ ካልመሰለሽ ቆርቆሮውን ጥለሽ እንደገና ትቆርጫለሽ። አንድ ቀን ከዝናቡ ውስጥ ‹‹አንተም ና እይ እንጂ!›› ብለሽ ጠርተሽኝ፣ ሁለታችንም በስብሰን ገባን።

አንቺ ካለፍሽ በኋላ በላቸው ጭራውን አስቆረጠው። ሥራ ያፋጥናል አለ። የጫኞቹ አለቃ ጋሽ ተሰማ ጆንያውን አገላብጦ አየና ‹‹ይሄማ የእትዬ አስካለ ወኒ አይደለም፣ የጎረቤት ድመት ነው!›› አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። በላቸውም አብሮ ሳቀ። አሁን ደግሞ ድመቱም ሊቀር ነው።

ክብ ስላስጠላኝ ብቻ ቢሆን በአፍ ተከራክሬ እተወው ነበር። ንግዱ የእሱም ነው። ያቃጠለኝ አንቺን ምስክር ማድረጉ ነው፤ ተጠይቀሽ የማትመልሺውን። መቼ ተስማማች ብዬ ብጠይቀው፣ ‹‹በመጨረሻዋ ወር፣ አልጋ ላይ ሳለች›› አለኝ። ያን ወር ከአጠገብሽ አልተለየሁም። አልማዝን በእናትሽ ስም ትጠሪያት ነበር። ውሃ ለመጠየቅ እንኳ ቃሉ ይጠፋሽ ነበር። እንዲህ ሆና የተኛችን ሴት ስለ ጆንያ ጠይቆ ነው እሺ ያሰኛት? ወይስ ጭራሹን አልጠየቀሽም? ሬሳሽን ከእኔ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ የተሸከመ ሰው ነው። በለቅሶው ሰሞን ከቤቴ ያልወጣው እሱ ነው። ከባዕድ ቢመጣብኝ ይህን ያህል አያመኝም ነበር።

እውነት ደኅና ሳለሽ፣ እኔ ሳላውቅ ተስማምተሽ ከሆነም ወንድምሽ ይንገረኝ። እቆጣሻለሁ፣ አዎ፣ መቃብርሽ ድረስ መጥቼ እቆጣሻለሁ። ግን ፈቃድሽ ነውና ክቡን እቀበላለሁ። ያልተናገርሽውን ግን ተናገረች ሲሉ ዝም አልልም። አልረሳሽም፤ ለአልማዝ ልጆችም አንቺን እንደነበርሽ አድርጌ እነግራቸዋለሁ፣ አንድም ቃል ሳልጨምር።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለወንድምሽ ልኬያለሁ።

በላቸው፣ እኅትህ የተስማማችበትን ቀን፣ ያለችውን ቃልና በቦታው የነበረውን ሰው ጠቅሰህ፣ ፈርመህበት፣ እስከ መስቀል ዋዜማ በጽሑፍ መልስልኝ። ካልጠየቅሃትም፣ ያንኑ ጻፍ።